የቁልፍ ቀዳዳ የሙሜ ሥራ ነበር

ስፌት ከተውኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ዓይኔም ክርና መርፌ ማገናኘት ከተሳነው ቆይቷል። አመል ግን ከሰው ጋር ያረጃል እንጂ አይሞትምና፣ ዛሬም ሰው ቤቴ ሲገባ መጀመሪያ የማየው ፊቱን ሳይሆን የልብሱን ጠርዝ ነው። ባለፈው ሳምንት ሐናን የምትባል ወጣት በሬ ላይ ቆማ «ጋሽ ተፈራ እርስዎ ነዎት?» ስትለኝ፣ እኔ የአባያዋን እጅጌ እያየሁ «ይኼን የሰፋው ሰው ክር ቆጥቧል» እያልኩ ነበር በሆዴ። አስገብቼ አስቀመጥኳት። የምትሠራው ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ነው። የሰው የአእምሮ ጤና እንዲሻሻል፣ ሰፈርተኛው ራሱ አስቦ ለሚጀምረው ሥራ ገንዘብ የሚሰጥ ፕሮጀክት ሐረር መጥቷል አለችኝ። ገንዘቡ ለማን ይሰጥ የሚለውን የሚመርጥ የሽማግሌዎች ኮሚቴ ሐሙስ ይሰበሰባል፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ እርስዎ ይሁኑልን ብላ ነው የመጣችው።

«እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ስለ አእምሮ ምን አውቃለሁ?» አልኳት። «እንዴ ጋሽ ተፈራ! እርስዎማ ልምድ አለዎት» አለችና ከቦርሳዋ ዳሩ የወየበ ጥራዝ አወጣች። ከሃያ ዓመት በፊት ወደ ከተማችን የመጣ የሌላ ፕሮጀክት ሪፖርት ነው። በገለጠችው ገጽ ላይ ፎቶ አለ። እኔ ጸጉሬ ገና ጥቁር ሆኖ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ አንድ አዲስ ማሽን ላይ እጄን ጭኛለሁ። አጠገቤ የሙያ ባልንጀራዬ ሙሜ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። እጆቹ ጭኑ ላይ ናቸው፤ ምንም አልያዙም። ከሥሩ «የተሳካ ሥራ» የሚል ተጽፏል። ሐናን በጣቷ ሙሜን ነካ አድርጋ «እኚህ ታመው የነበሩት ሰውዬ ናቸው አይደል? አሁን እንዴት ናቸው?» አለችኝ። «ደህና ነው» አልኳት። ማሻ አላህ ብላ ደስ አላት። ውሸቴን ነበር። ሙሜ ይኑር ይሙት አላውቅም ነበር። ልጅቷ ሄዳ በሩ ከተዘጋ በኋላ እዚያው ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ።

የጀጎልን ውስጥ የማያውቅ ሰው ካለ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊደር መጋላ የሚወስደው ጠባብ መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። መኪና የተባለው የስፌት መኪናችን ነው። ግራና ቀኙን ጨርቅ ሻጮቹ ሱቅ ውስጥ፣ እኛ ሰፊዎቹ ደግሞ ሱቆቹ ደጃፍ ላይ መኪናችንን ደርድረን እንቀመጣለን። ሰው ጨርቁን ገዝቶ ዞር ሲል እኛን ያገኛል፤ ይለካል፣ ጊደር መጋላ ወርዶ በርበሬና እርዱን ገዝቶ ሲመለስ ልብሱ አልቆ ይጠብቀዋል። ያኔ ሸሚዝ ማሰፊያ ሦስት ብር ነበር፤ ሱሪ አምስት፤ ኮት ከሆነ እንደ ሰውዬው ኩራት። ቴትሮን የለበሰ ጎረምሳ መንገዱን ለብቻው የገዛው ይመስለው ነበር። ሱሪው ከታች እንደ ደወል ሰፍቶ ድንጋዩን እየጠረገ ሲሄድ፣ እኛ የምናዝነው ለጠርዙ ነበር። ከዚያ ሳፋሪ መጣ፤ ከዚያ ካኪ ብቻ የሚለበስበት ጊዜ መጣ፤ ከካኪው ጊዜ ዝርዝሩን ልተወው። ከአንዱ ሱቅ የሶማሊኛ ዘፈን፣ ከማዶው የኦሮምኛ፣ ከኔ ጀርባ ከሚሸጠው የየመን ሰው ሬዲዮ ደግሞ ዓረብኛ ይሰማል፤ መኪኖቻችን ከሁሉም በላይ ይጮኻሉ። ጠዋት ፈጢራ በሻሂ፣ ከሰዓት ጫት። እኔ አያቴ ከሸዋ የመጡ ክርስቲያን፣ ግራ ጎረቤቴ የጀጎል አደሬ፣ ቀኝ ጎረቤቴ ሐኪም ከሚባለው ጋራ ማዶ የመጣ የገበሬ ልጅ። ቀኝ ጎረቤቴ ሙሜ ነበር።

ሙሜና እኔ ስፌት የተማርነው ከአንድ ሰው ነው፤ ከአው አደም። አው አደም፣ አው እኛ ጋሽ እንደምንለው ነው፣ የመንገዱ ሽማግሌ ነበሩ። ሁለታችንንም ባንድ ቀን «እጃችሁን አሳዩኝ» ብለው፣ የሙሜን አገላብጠው አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የኔን አይተው «ይሁን» አሉ። ልዩነታችን ያን ቀን ተነገረ ማለት ነው። ሙሜ ኮት ሲቆርጥ ጠመኔ እንኳ አያበዛም ነበር። ከዚያ በካኪው ክፉ ዘመን አንድ ቀን ከሱቁ ደጃፍ ወሰዱት። ሁለት ዓመት የት እንደነበረ እሱም አልተናገረም፣ እኛም አልጠየቅንም። ሲመለስ ሙሜ ሙሜ አልነበረም። ከግድግዳ ጋር ያወራል። መኪናው መጮህ ሲጀምር ጆሮውን ይዞ ይነሳል። አንድ ቀን የሰው ጋባርዲን ጨርቅ መሃል ለመሃል በመቀስ ተርትሮ፣ ዕለቱን ሙሉ አለቀሰ። ዱዓ ተደረገለት፤ እናቴ ፀበል ይሞከርለት አለች፤ እህቱ ሸምሲያ አዲስ አበባ ድረስ ወስዳ የሚዋጥ መድኃኒት ይዛ ተመለሰች። መድኃኒቱ አረጋጋው፤ ግን ቀኑን ሙሉ ቤት ተጋድሞ ጣራ የሚያይ ሰው አደረገው።

ያኔ አው አደም አንድ ነገር አሰቡ። የኮትና የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ ያን ጊዜ በእጅ ነበር የሚሠራው፤ ጨርቁን ሰንጥቀህ ዙሪያውን በጥልፍ ክር እየዘመዘምክ። ዓይን የሚያደክም፣ ጊዜ የሚበላ፣ ሁላችንም የምንጠላው ሥራ ነው። ድምፅ ግን የለውም። አንድ ማለዳ መንገዱን ከላይ እስከታች እየዞሩ ለያንዳንዳችን «ከዛሬ ጀምሮ በመኪና ግርግር የቁልፍ ቀዳዳ የሚሠራ ሙሜ ብቻ ነው። ሌላው እጁን እንዳያስገባ» አሉን። አው አደም ካሉ አሉ ነው። በኔና በጨርቅ ሻጩ መሃል አግዳሚ አስቀመጡለት። ከዚያ ወዲያ ሸሚዝ ስንጨርስ ለባለቤቱ «ቁልፉን ሙሜ ጋ» እንላለን። ሰውየው ሸሚዙን ይዞ ሄዶ አጠገቡ ይቀመጣል። ሰባት ቀዳዳ በእጅ ቀላል አይደለም፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። እንዲያ ሆኖ ነጋዴው፣ ወታደሩ፣ የኔታው፣ ሼኩ፣ የገጠሩ ሰው ሁሉ በየተራው ሙሜ አጠገብ ተቀምጦ ጠበቀ። ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ማውራቱ አይቀርም። ሙሜ አንገቱን ደፍቶ እየዘመዘመ ይሰማል፤ አልፎ አልፎ «ኧረ ተው አቦ!» ይላል። በመጀመሪያው ዓመት ያው ነበር። በሁለተኛው ዓመት መሳቅ ጀመረ።

ደህና የማይሆንባቸው ቀናት ነበሩ፤ አልደብቅም። እንዲህ ያለ ቀን አው አደም በጠዋት «ዛሬ የቁልፍ ቀዳዳ የለም» ብለው ያውጃሉ፤ በቃ፣ ያን ቀን ከመኪና ግርግር ያለቀ ሸሚዝ አይወጣም። «እኔ ልሥራልህ» የሚል ሰፊ የለም። አንድ ሙሽራ ሰርጉ በማግስቱ ሆኖ እንዲህ ያለ ቀን ላይ ወደቀ። ለመነ፣ ተቆጣ፣ አጎቱን ይዞ መጣ፤ አጎቱ አው አደምን አይቶ ሙሽራውን ይዞ ተመለሰ። ልጁ ኮቱን በመርፌ ቁልፍ አያይዞ አገባ። አሁን የልጅ ልጆች አሉት፤ ባገኘኝ ቁጥር «ያ ኮቴ» እያለ ይስቅብኛል። ይኼን ሁሉ ማንም ፕሮጀክት አላለውም ነበር። የሚሰበሰብ ገንዘብ አልነበረም። ሰፊው ከደንበኛ የሚቀበለው ዋጋ ውስጥ የቁልፉ ድርሻ የሙሜ ነበረ፤ ደንበኛውም ጊዜውን ይሰጥ ነበር፤ ይኼ ነው ሥራውን ያስኬደው።

የዚያ አግዳሚ ውለታ እኔም አለብኝ። ሁለተኛዋን ልጃችንን በትኩሳት ቀበርናት። ባለቤቴ አስናቀች ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ድምፅዋ ጠፋ። ለቅሶ ደራሽ መጣ፣ ሄደ፤ ቄሱ መጡ፣ ሄዱ፤ እኔም ጠዋት ወጥቼ ማታ የምገባ ሰው ነኝ፤ ምን ልበላት። አንድ ቀን ቀና ብል አራት ቁልፍ ያላት ሸሚዝ ይዛ ሙሜ አጠገብ ተቀምጣለች። በማግስቱም መጣች። በሳልስቱም። አንድ ጊዜ ሰርቄ ባይ፣ ሸሚዟ ያችው የፊተኛዋ ነበረች፤ ቀዳዳዋ ካለቀ ቆይቷል። ሙሜ አንዲት ቃል ሳይናገር ጥልፉን ፈትቶ እንደገና ይዘመዝምላት ነበር። እሷ ታወራለች፣ እሱ ይሰማል። ምን እንደምትለው ዛሬም አላውቅም። ብቻ ከአንድ ወር በኋላ ቤት ስገባ «ሽሮው ዛሬ ጨው በዝቶበታል፣ ቻለው» አለችኝ፤ እኔም ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

አው አደም ሲሞቱ ሰፊዎቹ የማኅበራችንን ሊቀመንበርነት ለኔ ሰጡኝ። የእጅ ጽሑፌ ቆንጆ ስለሆነ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። ጊዜውም ተለውጦ ነበር። ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ በጭነት ይገባል፤ ሰልባጁ ከኛ ስፌት ረክሶ ይሸጣል። አንድ ከሰዓት የዚያ የሪፖርቱ ፕሮጀክተኞች መጡ። አስተባባሪው ትሑት ሰው ነበር። የአእምሮ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ማኅበረሰቡ ለሚያደርገው ሥራ ገንዘብ አለን፣ ስለ እናንተ ሰምተናል አለኝ። ደስ አለኝ። ቅጹን ቤት ወስጄ ብዕሬን ሞላሁ። ቅጹ «ችግሩ ምንድን ነው?» ይላል። ችግር አልነበረም ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። እኔ ግን ሊቀመንበር ነኝና ችግር ፈለግሁ። «በሽተኛው በቀን ከስድስት ሸሚዝ በላይ መጨረስ አይችልም፤ ደንበኛ በመጠበቅ ይጉላላል» ብዬ ጻፍኩ። መፍትሔውን ደግሞ፣ የቁልፍ ቀዳዳ መሥሪያ ማሽን። ማሽኑ በሙሜ ስም ይገዛል፤ ሙሜ ጫጫታ ስለማይችል ማሽኑ እኔ ጋ ይሆናል፤ ከገቢው ለሙሜ በየወሩ ቤቱ ድረስ ይላክለታል፤ እሱም ያርፋል። ሳነበው ዓይኔ እንባ አቀረረ። እንዲህ አሳምሬ ጽፌ አላውቅም ነበር።

ተንኮል አልነበረኝም ብል ግማሹ እውነት ነው። ያቺን ማሽን ድሬዳዋ አንድ ሱቅ ውስጥ አይቼያት ልቤ ተንጠልጥሎ ነበር። ሰባት ቀዳዳ ሻሂ ሳይቀዘቅዝ ታወጣለች። «ለሙሜ ብዬ ነው» የሚለው ከላይ፣ «ማሽኗ እኔ ጋ ትሁን» የሚለው ከሥር ነበረ፤ ገበሩን ደግሞ ሰው አያየውም፣ ሰፊው ብቻ ነው የሚያውቀው። አስናቀች አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ሙሜን ጠይቀኸዋል?» አለች። «ለሱ ጥቅም አይደል እንዴ፣ ምን ይጠየቃል!» አልኳት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉሃል ይኼ ነው።

ማሽኗ በመጣች ቀን መንገዱ በሰው ተሞላ። ፎቶ አንሺው ሙሜን ከአግዳሚው ጋር ወደ ማሽኗ አስጠጋው። ሙሜ የሰው ሸሚዝ ይዞ ነበር፤ ፎቶው እንዲያምር ብዬ ከእጁ ተቀበልኩት። ሰዉ ከተበተነ በኋላ ሸሚዙን እንድመልስለት እጁን ዘረጋ። እኔ ከአስተባባሪው ጋር እየሳቅሁ፣ ዞር ብዬ እንኳ በደንብ ሳላየው፣ «ከእንግዲህ አያስፈልግም፣ ሙሜ» አልኩት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ነገ ቁጭ ብዬ አስረዳዋለሁ ብዬ ነበር። ለአንድ ሳምንት ያህል በየጠዋቱ እየመጣ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ሸሚዙ ሁሉ በማሽን ስለሚያልቅ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። ከዚያ መምጣቱን ተወ። ማስረዳቱን እኔም ተውኩ። ብሩ ለጥቂት ጊዜ በሰው ይላክለት ነበር፤ ማሽኗ በሦስተኛው ዓመት ተሰብራ መለዋወጫ ሲጠፋላት፣ ያም ቀረ። ሙሜ አመመው፣ ከቤት አይወጣም ሲሉ እሰማለሁ። ልሄድ እልና፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ከሮመዳን በኋላ፣ ጉልበቴ ሲሻለኝ። አስናቀች እስክትሞት ድረስ «ሙሜን አየኸው?» ትለኝ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላል አገሩ። ወጊውም አይረሳም፤ እኔ ምስክር ነኝ።

ሐናን ከመጣች በኋላ ሁለት ቀን አሰብኩበት። የሰው አእምሮ የሚሻለው በምን እንደሆነ ፈራጅ ሆኜ ልቀመጥ ነው፤ ያየሁትን አንድ መድኃኒት በገዛ እጄ ያፈረስኩ ሰው። ረቡዕ ጠዋት ባጃጅ ይዤ ሐኪም ጋራ ሥር ወዳለው የሙሜ ቤት ወረድኩ። በማግስቱ ኮሚቴው ፊት ቆሜ ሪፖርቱ ላይ ያለው ማሽን እንዴት እንደመጣ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት ሰዎቹ አሁን በምን እንደቆሙ ሄዳችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ እሱን እንዳትነኩባቸው አልኳቸው። ሐናን ጻፈችው። ሙሜ ረቡዕ ዕለት ያለኝን ግን አልነገርኳቸውም። እዚህ ልጻፈው።

በሩን የከፈተችልኝ ሸምሲያ ነበረች። አርጅታለች፤ እኔን ለማወቅ ጊዜ ወሰደባት። «ያ ረቢ! ጋሽ ተፈራ? ፀሐይ ዛሬ በየት ወጣች?» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ በቀለለኝ። «አለ፣ አልሃምዱሊላህ። አንዳንድ ቀን ደህና ነው፤ ዛሬ ደህና ነው። ይግቡ» አለችና ወደ ግቢው መራችኝ። ሙሜ ግድግዳው ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። ጺሙ ነጭ ሆኗል። ሽርጡ ንጹሕ ነው፤ ጠርዙ በእጅ የተዘመዘመ። ቀና ብሎ አየኝ፤ ከፊቴ በፊት ኮቴን አየ።

«ትከሻው ወርዷል» አለኝ። «ማን ሰፋልህ?»

«ራሴ ነኝ።»

«ገባኝ» አለ፤ ሸምሲያ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ማን እንደሞተ ተጠያየቅን። የአስናቀችን ነገርኩት። «ጀነት ይስጣት፤ ደግ ሰው ነበረች» አለ። እንደገና ሌላ ወሬ ሳይመጣ ልናገር ብዬ፣ እንደነሱ አነጋገር፣ «ሙሜ፣ አፉ በለኝ» ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ጣቶቹን እያሻሸ፣ «አሁን እንግዲህ ሁለታችንም አርጅተናል። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እውነቱን ንገረኝ። የማን ኮት ነበር?» አለኝ።

«የቱ ኮት?»

«ያበላሸሁት። ብዙ አሰብኩበት ወላሂ። የዚያ የፖሊሱ ካፖርት ነው እላለሁ፤ ደግሞ አይ፣ ያ ልክ ነበር እላለሁ። ቀዳዳውን አጥብቤው ነው፤ ወይ ክሩን አልሳብኩትም። አንተ በሰው ፊት እንዳላፍር ብለህ ዝም አልከኝ። አያስፈልግም ብቻ አልከኝ። እሱንስ ደግ አደረግህ፤ አላህ ይስጥህ። ግን የማን እንደነበር አውቄ ይቅርታ ብለው ደስ ይለኝ ነበር።»

ሃያ ዓመት ሙሉ፣ እዚያ ግድግዳ ሥር፣ ሰውየው አንድ ባንድ ኮት ሲፈትሽ ኖሯል። «ምንም አላበላሸህም» አልኩት። «አንድም ኮት፣ አንድም ሸሚዝ አላበላሸህም። ከመኪና ግርግር እንዳንተ የሠራ ሰው የለም። ማሽኗን ስለፈለግሁ ነው። እኔ ነኝ፣ ሙሜ...» እያልኩ ስለ ቅጹ፣ ስለ ድሬዳዋው ሱቅ፣ ስለ ሊቀመንበርነቴ ሁሉ መዘርዘር ጀመርኩ። የኋለኛውን የሰማኝ አይመስለኝም። ፊቱን ከኔ አዙሮ እህቱን ፈለጋት። ድምፁ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጥኖ ነበር።

«ሰማሽ፣ ሸምሲያ? አላበላሸሁም።»

ከመኪና ግርግር እስከዚያ ቤት በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም።